ድንጋይ ከሰል የሚሸጠው መንገድ ያለው ነው

(ኮምቦልቻ ውስጥ ለተማሪዎች፣ ለነጋዴዎችና ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ የመጣችሁም፣ ከዚሁ ከኮምቦልቻ ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁም፣ ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ድንጋይ ከሰል የዓለም ንግድ ነው፤ የትኛው አገር ለማን እንደሚሸጥ፣ ማን ከገበያው እንደወጣ፣ ማን እንደገባ። ጉዳዩ ከወሎ የራቀ የመሰለው ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የሲሚንቶን ዋጋ ያውቃል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ደግሞ የሚነደው በአብዛኛው በድንጋይ ከሰል ነው። ለብዙ ዓመታት ያ ከሰል ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ ጅቡቲ እየደረሰ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ ፋብሪካዎቻችን ሲገባ ኖሯል። የተገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጭነቱን ራሳቸው ያመጡ ሹፌሮች ይኖራሉ።

የማነሣቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የዚህ ንግድ ሰነድ የሚያዘው በዚያ ስለሆነ ነው።

ሐሳቤን ከመነሻው ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ከሰል ለዓለም የሚሸጠው ከሰል የበዛለት አገር ይመስለዋል። ቁጥሩን ስታዩት ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ከዓለም ድንጋይ ከሰል ከግማሽ በላዩን የምታወጣው ቻይና ናት፤ ከውጭ በመግዛትም አንደኛዋ ቻይና ናት። ዋነኞቹ ላኪዎች ከሰሉን በርካሽ ከጉድጓዱ እስከ መርከቡ የሚያደርስ መንገድ ያላቸው፣ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ የሚቀበላቸው ገዢ ያላገዳቸው አገሮች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ከሰሉ መሬት ውስጥ እያለ ንግዱ ይሞታል። የምነግራችሁ ታሪክ ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነው።

በመጀመሪያ መጠኑን እንያዘው። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ዓለም በዓመት ወደ 9 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ ድንጋይ ከሰል አውጥታለች። ከዚያ ውስጥ ድንበር ተሻግሮ የተሸጠው 1.5 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። የቀረው በወጣበት አገር ነደደ። 1.5 ቢሊዮን ቶን በእኛ መስፈሪያ 15 ቢሊዮን ኩንታል መሆኑ ነው። ይህ ለማንም ጭንቅላት አይገባም፤ ስለዚህ አንድ መርከብ ብቻ እንውሰድ። መካከለኛ የሚባለው የከሰል መርከብ 75 ሺህ ቶን ያህል ይጭናል። ተሳቢ ያለው መኪናችሁ 400 ኩንታል የሚጭን ከሆነ፣ ያንን አንድ መርከብ ለመሙላት 1,875 መኪና መሰለፍ አለበት። ኒውካስል በተባለው የአውስትራሊያ ወደብ በዓመት ከ130 ሚሊዮን ቶን በላይ ከሰል ይጫናል። ተሳቢ ተሰልፎ ወደዚያ አይመጣም። ከሞላ ጎደል ሁሉም በባቡር ነው። ባቡሩ ሳይቆም በዝግታ እያለፈ ፉርጎዎቹ ሆዳቸውን ከፍተው ከሥር ባለው ጉድጓድ ይዘረግፉታል፤ ማጓጓዣ ቀበቶ ወደ ክምሩ ይወስደዋል፤ ሌላ ግዙፍ መኪና ከክምሩ እየዛቀ መርከቡ ሆድ ውስጥ ያፈስሰዋል።

ይህን ያህል ጭነት እንዴት እንደሚመዘን ሹፌሮች ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ስለጠበቅሁ ተዘጋጅቼ መጥቻለሁ። እናንተ መኪናውን ሚዛን ላይ ታወጡታላችሁ፤ መርከብን የሚሸከም ሚዛን የለም። ስለዚህ የመርከቡ አካል ራሱ ሚዛን ይሆናል። በመርከቡ ጎን ላይ ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ፣ በግራና በቀኝ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ተቆጣጣሪው በትንሽ ጀልባ እየዞረ ውኃው የደረሰበትን ቁጥር በስድስቱም ቦታ ያነባል፤ ከመጫኑ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከተጫነ በኋላ ሌላ ጊዜ። የውኃውን ጨዋማነት ለክቶ፣ የነዳጁንና የመጠጥ ውኃውን ክብደት ቀንሶ፣ መርከቡ ምን ያህል እንደሰመጠ አስልቶ ጭነቱን ያገኛል። ማዕበል ሲኖር ቁጥሩ ዓይን ላይ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሰውዬው ትንፋሹን ይዞ ደጋግሞ ያነባል። የአገሮች የወጪ ንግድ ተብሎ የምናነበው ትልልቅ አሐዝ በከፊል የሚጀምረው ከዚያች ጀልባ ነው።

ከሰሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ብረት ለማቅለጥ ኮክ የሚባለው ማገዶ የሚሠራበት አለ፤ ይህ ውዱ ነው፣ በዓለም ገበያ የሚሸጠውም በብዛት ከአውስትራሊያ ነው። ለኤሌክትሪክ ማመንጫና ለሲሚንቶ የሚነደው ሌላ ነው። ሊግናይት የሚባለው ቡናማው ከሰል ደግሞ ውኃ ስለሚበዛበት ከወጣበት ብዙም አይርቅም፤ ጀርመን ውስጥ ከጉድጓዱ አጠገብ በተተከለ ማመንጫ ይነዳል። ውኃ ጭኖ ባሕር የሚያቋርጥ ነጋዴ የለም። ይህን ያዙልኝ፣ ስለ ራሳችን ከሰል ስናወራ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም ይህ ንግድ በወሎ በር ላይ ሳይታወቅ ያለፈ አይደለም። የ19ኛው መቶ ዘመን የእንፋሎት መርከብ ከሰል ካላገኘ አይንቀሳቀስም ነበር። እንግሊዝ በ1839 ኤደንን ስትይዝ አንዱ ምክንያቷ ወደ ሕንድ የሚሄዱ መርከቦች ከሰል የሚሞሉበት ጣቢያ መፈለጓ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ቀይ ባሕር የመርከብ አውራ ጎዳና ሆነ። በዚያው ዓመት ሩባቲኖ የተባለ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ በቀድሞው ሚሲዮናዊ በጁሴፔ ሳፔቶ በኩል አሰብ ላይ መሬት ገዛ። የተባለው ዓላማ ለመርከቦቹ የከሰል ጣቢያ ማቋቋም ነበር። በ1882 የጣሊያን መንግሥት ያንን ቦታ ከኩባንያው ተረከበ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1889፣ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ውጫሌ ላይ ውል ተፈረመ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አድዋ ያውቀዋል። የጣሊያን መንግሥት እግሩን በዚህ የባሕር ዳርቻ ያሳረፈው አንድ ኩባንያ ለከሰል ብሎ በገዛው መሬት ላይ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚወርደውን መንገድ እያያችሁ ያደጋችሁ ሁሉ ይህን ብታውቁት ደስ ይለኛል።

በዚያ ዘመን ለመርከቦቹ የሚሆነው ምርጡ ከሰል የሚመጣው ከዌልስ ነበር። በ1913 ባሪ ከተባለች አንዲት የዌልስ ወደብ ብቻ 11 ሚሊዮን ቶን ገደማ ተላከ፤ ብሪታንያ በዚያ ዓመት 287 ሚሊዮን ቶን አውጥታለች። ዛሬ ብሪታንያ ከሰል ላኪ አይደለችም። የመጨረሻውን በከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫዋንም መስከረም 30 ቀን 2024 ዘግታለች። ከመሪነት ወደ ባዶነት አንድ መቶ ዐሥር ዓመት ገደማ ብቻ ወሰደ።

ሌሎቹ በዚህም ፈጥነው ተገልብጠዋል። ቻይና በ2003 ወደ 90 ሚሊዮን ቶን ገደማ የምትልክ አገር ነበረች። በ2009 ከምትልከው የምታስገባው በለጠ። የራሷ ፋብሪካዎችና ማመንጫዎች አደጉና ከሰሉን ዋጡት። ሌላም ምክንያት አለ፤ ማዕድኑ ያለው በሰሜንና በምዕራብ ሲሆን ፋብሪካዎቹ የበዙት በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ነው። በዚያ ዳርቻ ላለው የጓንዶንግ ክፍለ ሀገር ነጋዴ አንዳንድ ጊዜ ከገዛ አገሩ በባቡር ከሚያስመጣ ከኢንዶኔዥያ በመርከብ ቢያስመጣ ይረክስለታል። ቬትናምም እንዲሁ ላኪ ነበረች፣ ገዢ ሆነች። ፖላንድም በአንድ ወቅት ስሟ ከትልልቆቹ ላኪዎች ጋር ይጠራ ነበር። ዝርዝሩን ልለፈው፤ ላኪነት ማንም ይዞት የማይኖር ወንበር መሆኑን ካያችሁልኝ ይበቃል።

ወንበሩ ላይ አሁን የተቀመጠችው ኢንዶኔዥያ ናት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የምትልከው ጥቂት ሚሊዮን ቶን ነበር። በ2023 ከ500 ሚሊዮን ቶን አልፋለች፤ ከዓለም ንግድ አንድ ሦስተኛው ከአንድ አገር ማለት ነው። ከሰሏ ምርጥ ሆኖ አይደለም። አብዛኛው እርጥበቱ ከፍተኛ፣ ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው። የአውስትራሊያው ጥሩ ከሰል በኪሎ 6,000 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ፣ ከኢንዶኔዥያው ብዙ የሚሸጠው 4,200 አካባቢ ነው። እርጥብ እንጨት የገዛ ሰው እንደሚያውቀው፣ በሸክም ርካሽ የሆነው በወጡ መብሰል ሲለካ ላይረክስ ይችላል። ታዲያ ለምን ቀናት? ወንዝ አላት። በቦርኒዮ ደሴት ካሊማንታን በሚባለው ክፍል ማዕድኑ ለማሃካም ወንዝና ለሌሎች ወንዞች ቅርብ ነው። ከጉድጓዱ አጭር መንገድ በመኪና ይመጣና ጀልባ በሚስበው ጠፍጣፋ ታንኳ ላይ ይጫናል፤ አንዱ ታንኳ እስከ 8 ሺህ ቶን ይይዛል፤ ይኸውም 200 ተሳቢ ማለት ነው። ወንዙ ወደ ባሕር ያወርደዋል፤ ባሕሩ ላይ ተንሳፋፊ ክሬን ወደ ትልቁ መርከብ ያዛውረዋል። አብዛኛው ከሰሏ የሚወጣው ሐዲድ ሳይዘረጋ፣ ጥልቅ ወደብ ሳይቆፈር ነው። ፈጣሪ የዘረጋላት መንገድ አላት ብል አላጋነንኩም።

ይህችው ኢንዶኔዥያ ጥር 2022 ላይ ዓለምን አስደነገጠች። የአገሯ ማመንጫዎች ከሰል አጥተው መብራት ሊጠፋ ነው ብላ ወደ ውጭ መላክን በአንድ ጊዜ ከለከለች። ማዕድን አውጪዎቹ ከምርታቸው 25 ከመቶውን ለአገር ውስጥ እንዲሸጡ ሕጉ ያስገድዳል፤ ለማመንጫዎች የተተመነው ዋጋ ግን በቶን ከፍ ቢል 70 ዶላር ነበር። የውጭው ገበያ ከዚያ እጅግ በልጦ ሳለ በ70 ዶላር የሚሸጥ ማን ነው? ሁሉም ወደ መርከብ ሮጠ። ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና ፊሊፒንስ ክልከላው ይነሣ ብለው ለመኑ፤ ወሩ ሳያልቅ ተነሣ። እኔ በዚህ ላይ አቋም አለኝ፤ መንግሥቱ የራሱን ሕዝብ መብራት ማስቀደሙ ትክክል ነበር። ችግሩ ዋጋው በሁለት ልክ መቆረጡ ነው። የዋጋ ልዩነት ባለበት ዕቃ ወዴት እንደሚሸሽ እዚህ ያለ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።

በር መዝጋት ሲነሣ የአውስትራሊያና የቻይናን ጉዳይ ማለፍ አይቻልም። በ2020 ሁለቱ መንግሥታት ተጣሉ። ቻይና በይፋ ሳታውጅ የአውስትራሊያን ከሰል ማራገፍ አቆመች። ጃግ አናንድ የተባለች መርከብ 23 ሕንዳውያን ባሕረኞችን እንደያዘች ከቻይናው ጂንግታንግ ወደብ ፊት ለፊት ከሰኔ 2020 ጀምሮ ቆመች። ጭነቱን አታራግፉ፣ መሬትም አትርገጡ ተባሉ። ልጆቻቸውን ሳያዩ፣ ተተኪ ሳይመጣላቸው ወራት ተቆጠሩ። በጥር 2021 መርከቧ ወደ ጃፓን ዞራ ነው ባሕረኞቹ ነፃ የወጡት። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ጠብቃችሁ የምታውቁ፣ የእነዚያን ሰዎች ስሜት ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በሁለት መንግሥታት ጠብ መሐል የሚጣበቀው ሁልጊዜ ጭነቱን የያዘው ሰው ነው።

ንግዱ ግን ምን ሆነ? የአውስትራሊያ ከሰል ወደ ሕንድ፣ ጃፓንና ኮሪያ ዞረ፤ ቻይና የጎደላትን ከኢንዶኔዥያና ከሩሲያ ሞላች። የአውስትራሊያ አጠቃላይ ሽያጭ ብዙም አልወደቀም። ክልከላው በ2023 መጀመሪያ ሲላላ መርከቦቹ ተመለሱ። ባሕር ላይ ያለ ሻጭ አንዱ በር ሲዘጋበት ሌላ በር አለው። የብስ ላይ ያለ ሻጭ የለውም፤ ወደዚያ እየሄድኩ ነው።

ቀጥሎ 2022 መጣ። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የአውሮፓ ኅብረት የሩሲያን ከሰል ከነሐሴ 10 ቀን 2022 ጀምሮ አላስገባም አለ። ከዚያ በፊት ኅብረቱ ከውጭ ከሚያስገባው ከሰል 45 ከመቶ ያህሉ የሩሲያ ነበር። ዋጋው ጣሪያ ነካ፤ የኒውካስል ከሰል በቶን ከ400 ዶላር አለፈ። ሩሲያ ፊቷን ወደ ቻይና፣ ሕንድና ቱርክ አዞረች፤ ግን የኩዝባስ ማዕድን በሳይቤሪያ መሐል ነው፤ እስከ ፓስፊክ ወደቦች ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በባቡር መሄድ አለበት። በዚያ ሐዲድ ላይ ሌላም ጭነት ተሰልፏል። ዋጋው ከፍ ባለ ጊዜ ርቀቱ ተቻለ፤ ዋጋው ሲወርድ የባቡር ክፍያው ትርፉን በላውና ብዙ ማዕድን አውጪዎች በኪሳራ መሥራት ጀመሩ።

ያ የ2022 ዋጋ ለአፍሪካ በረከት መሆን ነበረበት። ደቡብ አፍሪካ ሪቻርድስ ቤይ ላይ በ1976 የተከፈተ፣ በዓመት 91 ሚሊዮን ቶን የመጫን አቅም ያለው ወደብ አላት። አውሮፓም መጥታ አንኳኳች፤ በ2021 ከዚያ ወደብ 2.3 ሚሊዮን ቶን የወሰደችው አውሮፓ በ2022 ወደ 14 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወሰደች። ሆኖም የወደቡ ጠቅላላ ጭነት አላደገም፣ ወደቀ። በ2017 ከ76 ሚሊዮን ቶን በላይ የላከ ወደብ በ2023 የላከው 47 ሚሊዮን ቶን ብቻ ነው። ከሰሉ አላለቀም፣ ገዢም አልጠፋም። የባቡር ሎኮሞቲቮች መለዋወጫ አጥተው ቆሙ፤ በሐዲዱ የተዘረጋው የመዳብ ገመድ ሌሊት ሌሊት ተቆርጦ ተሰረቀ። በታሪኩ ትልቁ ዋጋ በመጣበት ዓመት ከሰል ያላቸው ኩባንያዎች በመኪና ለመላክ ተገደዱ፤ የሪቻርድስ ቤይ ከተማ በከባድ መኪና ተጨናንቃ ነዋሪው መተላለፊያ አጣ። ይህን ሳነብ አዝኛለሁ። አፍሪካ የሠራችውን ጥሩ ነገር ጠብቆ ማቆየት እንዴት እንዳቃታት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

በዚያው ጊዜ ታንዛኒያ ውስጥ ተቃራኒው ሆነ። ከደቡብ ምዕራቡ ማዕድን እስከ ምትዋራ ወደብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና እየተጫነ፣ ካሹ ይላክበት ከነበረ ወደብ ከሰል ወደ አውሮፓ ተላከ። ያ ያዋጣው ዋጋው ሰማይ ስለነካ ነው። 400 ዶላር ሲሆን 600 ኪሎ ሜትር በተሳቢ ይቻላል። በ2025 የኒውካስሉ ዋጋ 100 ዶላር አካባቢ ነበር።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚያስገባው የሞዛምቢክ ታሪክ ነው። ቴቴ ክፍለ ሀገር፣ ሞአቲዜ አካባቢ ብረት የሚያቀልጥ ምርጥ ከሰል አለ። በ2011 ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ እዚያ ፈቃድ የያዘ ሌላ ኩባንያ ከ3.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛ። ዕቅዱ ከሰሉን በዛምቤዚ ወንዝ በታንኳ ማውረድ ነበር፤ እንደ ኢንዶኔዥያ ማለት ነው። የሞዛምቢክ መንግሥት ወንዙን ለዚህ አልፈቀደም። ያለው አሮጌ ሐዲድ ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። በጥር 2013 ኩባንያው የዚህን ንብረት ዋጋ 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ቀንሶ መዘገበ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሣ። በ2014 ያንን ሁሉ ለሕንድ ኩባንያዎች በ50 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። የሚወጣው ከሰል ግምትም ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከሰሉ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ከቢሊዮኖቹ ዶላር ብዙው የመንገዱ ዋጋ ኖሯል። ጎረቤቱ ቫሌ የተባለው የብራዚል ኩባንያ ማላዊን አቋርጦ ናካላ የሚደርስ 912 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር አዘጋጅቶ ነው በብዛት መላክ የቻለው፤ እርሱም በ2022 ሸጦ ወጣ።

አሁን እኛን ወደምትመስለው አገር ልምጣ። ሞንጎሊያ ወደብ የላትም። ከደቡብ ጎቢ በረሃ፣ ታቫን ቶልጎይ ከተባለ ቦታ የሚወጣውን ከሰል የምትሸጠው ለቻይና ነው፤ ሌላ ገዢ ጋር መድረሻ የላትም ማለት ይቻላል። ለብዙ ዓመታት ሁሉም በመኪና ነበር የሚጓዘው። በ2017 ጋሹን ሱኻይት ከተባለው የድንበር በር ጀርባ የቆመው የመኪና ሰልፍ ከ100 ኪሎ ሜትር አለፈ። ሹፌሮቹ ቀናት ሙሉ ጋቢና ውስጥ እያበሰሉ፣ እየተኙ፣ በረሃው ብርድ ላይ ሞተር እያሞቁ ጠበቁ። ከዚያ ኮቪድ መጣ፤ ቻይና በሩን አጠበበች። በ2019 ከ36 ሚሊዮን ቶን በላይ የላከች አገር በ2021 ወደ 16 ሚሊዮን ቶን ወረደች። ከሰሉ በድንበር ተከመረ፤ የመንግሥት ገቢ ደረቀ።

በኋላስ? በመስከረም 2022 ከታቫን ቶልጎይ እስከ ድንበሩ 233 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሕዝቡ ኡላንባታር አደባባይ ላይ በከባድ ብርድ ወጥቶ የተሰረቀው ከሰላችን የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። በ2023 በሩ ሲከፈት ወደ 70 ሚሊዮን ቶን፣ በ2024 ደግሞ ከ80 ሚሊዮን ቶን በላይ ላከች። በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት እጥፍ! ማዕድኑ ሳይለወጥ የተለወጠው በሩና መንገዱ ነው። ሐዲዱ ግን ድንበሩ ላይ ይቆማል፤ የሞንጎሊያ ሐዲድ ስፋቱ 1,520 ሚሊ ሜትር፣ የቻይናው 1,435 ነው። ድንበር ተሻጋሪው መገናኛ ግንባታ የተጀመረው በ2025 ነው። ዋጋ ላይ ለመከራከርም አቅሟ ትንሽ ነው፤ አንድ ገዢ ብቻ ያለው ሻጭ ገበያ ውሎ ዕቃውን ይዞ አይመለስም።

የገዢውን ነገር ካነሣሁ፣ የሚመጣው ጊዜ የሚወሰነው በቻይናና በሕንድ ነው። ቻይና በ2024 ከ540 ሚሊዮን ቶን በላይ አስገብታ የራሷን ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በ2025 ግን የራሷ ምርት ስለበዛና የፀሐይና የንፋስ ኃይሏ ስላደገ ግዢዋ ቀነሰ። ሕንድ የዓመት ምርቷን ከ1 ቢሊዮን ቶን አሳልፋለች፤ ከውጭ የምታስገባውን ለመቀነስ በግልጽ እየሠራች ነው። ትንንሾቹ ክስተቶች፣ ለምሳሌ በመጋቢት 2024 መርከብ ገጭቶት የወደቀው የባልቲሞር ድልድይ የአሜሪካን ከሰል ለሳምንታት ማገዱ፣ ወይም ኮሎምቢያ በዚያው ዓመት ለእስራኤል ከሰል አልሸጥም ማለቷ፣ ዜና ይሆናሉ፣ አቅጣጫ አይቀይሩም። ቤጂንግና ዴልሂ ከእኔው ጉድጓድ ይበቃኛል ባሉ ቀን የኢንዶኔዥያ ወንዞች ላይ ያለው ታንኳ ይቆማል።

አሁን ወደ አገራችን። ከሰል አለን፤ ያዩ አለ፣ ደልቢና ሞዬ አለ፣ ጭልጋ አለ፣ ሙሽ ሸለቆ አለ፣ ከእነዚህ ጋር ስሟ የሚጠራው ይህችው የእኛዋ ውጫሌም አለች። ከሰላችን በአብዛኛው አመድና እርጥበት ይበዛዋል፤ ለሲሚንቶ ምድጃ እንዲሆን መታጠብ አለበት። መብራታችን የሚመነጨው ከሞላ ጎደል ከውኃ ስለሆነ ለኤሌክትሪክ አያስፈልገንም። የማጠቢያ ፋብሪካ ተሠርቶ የሲሚንቶው ከሰል ከአገር ውስጥ እንዲሆን የተጀመረውን ሥራ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ በዶላር የሚገዛ ነገርን በብር መግዛት ማለት ነውና። ከማዕድኑ አጠገብ የሚኖረው ገበሬ መሬቱና ውኃው ተጠብቆለት፣ ካሣውም በጊዜ ተከፍሎት መሆን እንዳለበት ግን ሳልናገር አልወርድም።

ንግግሬን ስጨርስ አንድ አባት፣ ዕድሜያቸውን በአሰብ መስመር የጨረሱ ሹፌር፣ ተነሥተው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ታዲያ እኛስ ለምን ለውጭ አንሸጥም? መኪናው ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው።» ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ባዶ የሚሄድ መኪና ማየት ያንገበግባል። አባባ፣ ሂሳቡን አብረን እንሥራው አልኳቸው። ዝቅተኛ ሙቀት ያለው የኢንዶኔዥያ ከሰል በ2025 በመርከቡ አፍ ላይ በቶን ከ40 እስከ 50 ዶላር ነበር። የእኛ ታጥቦም ከዚያ ብዙ ይበልጣል ብዬ አልዋሽም። በ45 ዶላር እንያዘው። 40 ቶን የጫነ ተሳቢ ጅቡቲ ሲደርስ ያለው ዋጋ 1,800 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ የማውጣቱ፣ የማጠቡ፣ የናፍጣው፣ የጎማው፣ የሹፌርና የረዳት አበሉ፣ የወደቡ፣ የመርከብ መጫኛው ይነሣል። አንዱን መርከብ ለመሙላት 1,875 መኪና ወደቡ ላይ መከመር አለበት፤ ክምሩ እስኪሞላ መርከቡ ከቆመ ደግሞ በቀን ቅጣት ይቆጠርበታል። አባባ ጥቂት አሰቡና «ናፍጣው ብቻ ይጨርሰዋል» አሉ። እኔም የምጨምረው አልነበረኝም።

አንዲት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ደግሞ ይህን ንግድ መከታተል ብፈልግ ምን ልመልከት አለችኝ። በየወሩ የሚወጣውን የቻይና ጉምሩክ የከሰል ግዢ አሐዝ ተመልከቺ፤ የሞንጎሊያውን ድንበር ተሻጋሪ ሐዲድ ተከታተዪ፤ የሪቻርድስ ቤይን የዓመት ጭነት በየዓመቱ ጥር ወር ላይ አንብቢ አልኳት። ከዚያ አስቀድሞ ግን ግንባታው በ2015 ተጀምሮ፣ በጦርነቱ ተጎድቶ፣ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር የቆየውን የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያን ሐዲድ ጠይቂ። ሰሊጥም ይሁን ጨርቅ፣ ማዳበሪያም ይሁን ሲሚንቶ፣ የዚህ አካባቢ ዕቃ ወደ ጅቡቲ የሚወርድበትና የሚወጣበት ዋጋ የሚቀንሰው ያ መስመር ሲጠገንና ሥራ ሲጀምር ነው። መቼ እንደሚሆን የሚጠየቀው ደግሞ እዚሁ ነው፤ የጣቢያው ቦታ ከዚህ አዳራሽ ሩቅ አይደለም።